የዩራኒ ሦስት ሰከንድ

በከተማችን በቶታቪታ የብስክሌት ውድድር ላይ ማይክ መያዝ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስሜ ኩስቶዲዮ ነው፤ በስሜ የሚጠሩኝ ግን ቄሱ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው «በቀቀኑ» ነው የሚለኝ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በሞንታርቦ ያወጅኩትን መልሼ የዋጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የተራራው ክሮኖ የሴቶች ውድድር ነው። አርባ ሁለት ልጆች ከገበያው አደባባይ በየደቂቃው አንድ በአንድ ይለቀቁና አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ዳገት ይወጣሉ። ጎን ለጎን የሚጋልብ የለም፤ ትግሉ ከሰዓት ጋር ነው፤ ክሮኖ የምንለውም ለዚህ ነው። በዚያ ዓመት አንደኛ የወጣችው የክፍለ ሀገሩ ቡድን ውስጥ ትገባለች ተብሎ ነበር። የነበረው ቦታ አንድ ነው።

ሰዓቱን የምትይዘው ኑቢያ ቲባዱይሳ ናት። የወተት ማኅበሩንና የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች የምትጠግነው እሷ ናት፤ ብርድ አትወድም፣ ሲበርዳት ትሳደባለች። ለውድድሩ ሁለት ኮምፒውተር ይዛ ተራራው ጫፍ ላይ በጭነት መኪና ውስጥ ትቀመጣለች። ሰዓት የሚቆጥረው ፕሮግራም ግን በቀጥታ በሁለቱም ላይ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሠርታለች፤ ብረትም ሽቦም የሌለው፣ በፕሮግራም ብቻ የቆመ። ቨርቹዋል ማሽን ትለዋለች። አንዱ ብረት ቢበላሽ ያን ማሽን ሥራውን ሳያቋርጥ ወደ ሌላው ብረት ማዛወር ይቻላል። እኔ ይህን ስትነግረኝ በየዓመቱ እስቅባት ነበር።

መኪናው የሳውል ፋጉዋ ነው። ሳውል ድንች ጫኝ ነው፤ መኪናውንም ጄኔሬተሩንም ለውድድሩ በነፃ ይሰጣል። ልጁ ዩራኒ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ስለነበረች የመጨረሻዋ ተነሺ እሷ ነበረች። ዩራኒን ክርስትና ያነሳቻት ደግሞ ኑቢያ ናት። ሳውልና ኑቢያ አበልጆች ናቸው ማለት ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱ ከሌላው ቤት ሳይበላ የቀረበት በዓል የለም።

የዚያን ቀን ጠዋት ተራራው ላይ ጭጋግ ወርዶ ነበር። ካፊያ ያዘን። መድረሻው ላይ በእጅ ሰዓት የሚይዘው ዳኛ ከሰፈሩ የሚያመጣው መንገድ ተንዶበት ሳይመጣ ቀረ። ዋናው ዳኛ ዶን ኤሊዬሰር በስልክ፣ «ኑቢያ፣ ብቻሽን ነሽ፤ ማሽኑ ይበቃናል?» አሏት።

«ይበቃል ዶን ኤሊዬሰር፤ እርስዎ ብቻ በሰዓቱ ይልቀቁልኝ» አለች።

እሳቸው ታች ሆነው ሰዓቱን ከሳተላይት በሚቀበል ቀይ ቁጥር ባለው ሳጥን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ልጆቹን ይለቃሉ። ላይ ደግሞ መስመሩ ላይ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ የብስክሌቱ ጎማ ሲረግጠው ምንጣፉ «ጢጥ» ይላል፣ ማሽኑም ሰዓቱን ይመዘግባል። እኔ ስም እጠራለሁ።

አሥራ ዘጠነኛዋ ተነሺ ዴይሲ ኩዋሳፑድ ትባላለች፤ ከፓስቶ አንድ ቀንና ሌሊት በአውቶቡስ ተቀምጣ የመጣች ልጅ ናት። አሰልጣኝ የላት፣ መኪና የላት። ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ስትል ስሟን ከወረቀት ላይ ማንበብ አቅቶኝ ተንተባተብኩ። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ከአራት አሥረኛ። እስከዚያ ከደረሱት ሁሉ በአንድ ደቂቃ የፈጠነ ነበር። 

ለአራት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኑቢያ ከመኪናው ውስጥ ጮኸች። የመኪናው ሸራ አፍስሶ ውኃው የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ እየወረደ ነበር፤ ከሥሩ ያለው መጠባበቂያ ባትሪም ጢሱ ወጥቷል። ዘልዬ ስገባ ጣቶቿ ሰሌዳው ላይ ይሮጣሉ።

«አትንካ! ምንም አትንካ! እያዛወርኩት ነው።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ዝም በል በቀቀን!»

ከውጭ ምንጣፉ «ጢጥ» አለ። አንዲት ልጅ ደርሳለች። ስክሪኑ ላይ ሰዓቷ ወጣ፤ ማሽኑ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጥራል። ኑቢያ የረጠበውን ኮምፒውተር ሶኬት ነቀለችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሳቀች። «አየህ? በየዓመቱ ስትስቅብኝ!» አለችኝ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዩራኒ መጣች። ጎህ ሳይቀድ የአባቷን መኪና እየተከተለች ያደገችበት ዳገት ነው፤ የመጨረሻውን መታጠፊያ ከመቀመጫዋ ተነስታ ነው የወጣችው። አፏ ተከፍቷል፣ ምራቋ አገጯ ላይ ነው። ምንጣፉን ረግጣ እዚያው ወደቀች። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንድ ከስምንት አሥረኛ! ዴይሲን በሁለት ሰከንድ ከስድስት አሥረኛ በልጣለች።

እንዴት እንደጮህኩ አልነግራችሁም። ታች ከተማው ድረስ ተሰማ ይላሉ። ሳውል አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ከዩራኒ ኋላ በጂፕ ሲከተሉ የመጡት ዶን ኤሊዬሰር ውጤቱን ፈርመው አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሰጡኝ፤ አነበብኩት። በደንቡ መሠረት ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። አምስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወረቀቱ ይዘጋል፤ ከተዘጋ እሳቸውም አይከፍቱትም።

ሰዉ ሲተቃቀፍ እኔ ማይኬን አጥፍቼ ትኩስ ነገር ፍለጋ ዞርኩ። ዴይሲ አጓፓኔላ የሚሉትን ትኩስ የሸንኮራ መጠጥ ከምታፈላው ሴትዮ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብስክሌቷን ትፈታ ነበር። በዚያ የሚያልፈውን የአምስት ሰዓት አውቶቡስ ልትይዝ ነው። «ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ» አልኳት። «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አለች፤ ቀና ሳትል።

«በቀቀን፣ ና ግባ እስኪ።»

ኑቢያ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። ኑቢያ ድምጿን ዝቅ የምታደርገው ሰው ሲሞት ነው።

መኪናው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ዶን ኤሊዬሰር ይዘውት የመጡት ቀይ ሳጥን ከስክሪኑ አጠገብ ተቀምጧል። በጣቷ አሳየችኝ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ኋላ ሰከንዶቹን ሳይ ቀዩ ሳጥን አሥራ አምስት ሲል ስክሪኑ ገና አሥር አልሞላም።

«ስክሪኑ ወደ ኋላ ቀርቷል» አልኩ።

«ከአምስት ሰከንድ በላይ። ጠዋት እኩል ነበሩ፤ እኔው ነኝ ያስተካከልኳቸው። ደግሞ እየጨመረ ነው። ቆመህ እይ።»

ቆሜ አየሁ። 

«ማሽኑን ስሠራው ሁለት መንገድ ነበረኝ» አለች። «ለሁለቱም ኮምፒውተር የሚስማማ የጋራ የፕሮሰሰር ዓይነት ልሰጠው፣ ሰዓቱንም ካረፈበት ኮምፒውተር እየጠየቀ እንዲሄድ ላደርገው እችል ነበር። እኔ ግን የመጀመሪያውን ፕሮሰሰር እንዳለ አሳየሁት። ፈጣን ሆነልኝና ተውኩት። ጠዋት ሲነሳ የዚያን ፕሮሰሰር ምት ለክቶ 'ይህን ያህል ሲመታ አንድ ሰከንድ' ብሎ ያዘ። ይኸኛው ትንሽ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ክዳናቸው ላይ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ምታቸው ግን አንድ አይደለም። ማሽኑ መዛወሩን አያውቅም፤ በድሮው ልክ ነው የሚቆጥረው። በየአራት መቶ ሰከንዱ አንድ ሰከንድ ይጎድልበታል።»

«ዴይሲ የደረሰችው…»

«ከመዛወሩ በፊት። የእሷ ልክ ነው። ዩራኒ ግን ከተዛወረ ሃያ ደቂቃ በኋላ ነው የደረሰችው። ሦስት ሰከንድ።»

በጣቴ መቁጠር አላስፈለገኝም። ዴይሲን የበለጠቻት በሁለት ሰከንድ ከስድስት አሥረኛ ነበር።

የማልኮራበትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ሌላ ማን ያውቃል?» ነበር።

«እኔ። አሁን ደግሞ አንተ።»

«እንግዲያው ሁለታችንም አናውቅም። ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው ኑቢያ። ቡና እንጠጣና ይለፍ። ከስንት ዓመት አንዴ የኛ ልጅ ቡድኑ ውስጥ ልትገባ…»

ኑቢያ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነው የቆየሁት» አለች። «ከአንተ አፍ ስሰማው አስጠላኝ።» ሩዋና የምንለውን የሱፍ ካባዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች።

ዶን ኤሊዬሰር ነገሩን ቆመው ሰሙ። ሽማግሌ ናቸው፣ ኮምፒውተር አይወዱም፣ ግን ሰዓት ያውቃሉ። «የምትነግሪኝ በአፍ ነው፤ እኔ በአፍ ውጤት አልቀይርም» አሏት። «ማሽኑ አሁንም ይሰርቃል ካልሽ በዓይኔ ልየው። አሥር ደቂቃ። አንድ ሰከንድ ተኩል ከጎደለ አምንሻለሁ።»

መኪናው ውስጥ ገብተው ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አድርገው ተቀመጡ። ወሬው ወዲያው ወጣ። ሳውል ሰዉን እየገፋ መጣ።

«አበልጄ፣ ምንድነው የምሰማው?»

«ሳውል፣ ልጅህ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ያጠፋሽው አንቺ ከሆንሽ ቅጣቱ ለምን በልጄ ይሆናል?»

ሳውል አንድ እርምጃ ቀረባት።

«ክርስትና ያነሳሻት አንቺ ነሽ! እጅሽ ላይ ይዘሻት እኮ ነው! ምን አደረግንሽ?»

«ቁጭ በል ሳውል፤ ሰዓት እየለካን ነው» አሉት ዶን ኤሊዬሰር ቀና ሳይሉ።

ሳውል አልተቀመጠም። ወጣ። እኔ የመኪናው በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ወዴት እንደሄደ አይቻለሁ፣ ግን ሊሸና ሄደ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ወይም እንደዚያ ማሰቡ ቀለለኝ። ዩራኒ የአባቷን ወፍራም ካፖርት ደርባ እግሯን እየጎተተች መጣች። ጉልበቷ ደምቷል። ማንንም አልጠየቀችም፤ የመኪናው መሰላል ላይ ተቀምጣ ቀዩን ቁጥር ታይ ጀመር።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ስድስተኛው ሊሞላ ሲል ጄኔሬተሩ አንዴ አስሎ ጸጥ አለ።

ስክሪኑ ጠፋ። አምፖሉም፣ ሞንታርቦውም ጠፋ። በባትሪ የሚሠራው ቀይ ሳጥን ብቻ ጨለማው ውስጥ መቁጠሩን ቀጠለ።

«አባዬ፣ ምን አደረግህ?» አለች ዩራኒ።

«ነዳጅ አልቆ ነው» አለ ሳውል ከመኪናው ኋላ። ጠዋት የጄኔሬተሩን ታንክ እስከ አፉ ሲሞላው ሁላችንም አይተናል።

ዶን ኤሊዬሰር መነጽራቸውን አወለቁ። «ኑቢያ፣ መልሰሽ ብታስነሽውስ?»

«ሲነሳ የአዲሱን ፕሮሰሰር ምት እንደገና ይለካል። ከዚያ በኋላ ልክ ነው የሚቆጥረው። ጤነኛ ሆኖ ነው የሚነሳው።»

«ስለዚህ የሚታይ ነገር የለም።»

«የለም።»

«ስድስት ደቂቃ ያህል አይቻለሁ። መጉደሉን አይቻለሁ። ግን አሥር ብያለሁ፣ ልዩነቱም አንድ ሰከንድ አይሞላም። በግማሽ ልኬት የሰው ልጅ ውጤት አልሽርም።» ሰዓታቸውን አዩ። «ሰባት ደቂቃ ቀርቷል። ሌላ ነገር ካለሽ አምጪ።»

ኑቢያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዩራኒ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ለምን እኔን እንደመረጠች አላውቅም፤ ምናልባት ስሟን የጮህኩት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

«ዶን ኩስቶዲዮ፣ አሸንፌያለሁ ወይስ አላሸነፍኩም?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ደረት ኪሴ ውስጥ ያለው ነገር የከበደኝ። እሑድ እሑድ በማኅበሩ ሬዲዮ የምናገረውን ቆራርጬ ስለማስተላልፍ ውድድሩን ሁሉ በትንሽ መቅጃ እቀዳለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እየሠራ ነበር። ኮምፒውተር አልነካውም፣ አልተዛወረም። እኔ ስጮህ ቀድቷል፣ ከእኔ ጩኸት ሥር ደግሞ ምንጣፉ «ጢጥ» ሲል። የዴይሲን «ጢጥ»፣ የዩራኒን «ጢጥ»።

ዝም ማለት እችል ነበር። ሰባት ደቂቃ ምንም አይደለም፤ አንድ ሲጋራ ነው። ግን ልጅቷ ዓይኗን አልነቀለችም።

መቅጃውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ሁለቱ ሲነሱ በመሃላቸው ስንት ደቂቃ ነበር?» አልኩ። የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ዶን ኤሊዬሰር ወረቀታቸውን ገለጡ። «ዴይሲ አሥራ ዘጠነኛ፣ ዩራኒ አርባ ሁለተኛ። ልክ ሃያ ሦስት ደቂቃ። እኔው በዚህ ሳጥን ነው የለቀቅኋቸው።»

ኑቢያ ገብቷት ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች። «ሲደርሱም በሁለቱ 'ጢጥ' መሃል ከሃያ ሦስት ደቂቃ ካነሰ ዩራኒ አሸንፋለች። ከበለጠ ዴይሲ። ስጠኝ!» የራሷን ላፕቶፕ ከቦርሳዋ መዝዛ መቅጃውን ሰካችበት። ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ ነበር። ድምፁ ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ተዘረጋ። የእኔ ጩኸት የሌለበትን ቦታ ፈልጋ አጫወተችው፤ መጀመሪያ የዴይሲን ስም ሳጠፋው ተሰማ፣ ከዚያ «ጢጥ»። ምልክት አደረገች። ወደ ፊት ሄደች። የዩራኒ ስም፣ የእኔ እንደ እብድ መጮህ፣ ከሥሩ «ጢጥ»። ምልክት።

ሳውል በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። 

ኑቢያ ቁጥሩን በከንፈሯ አነበበችና ምልክቶቹን አንስታ እንደገና አደረገች። ሦስተኛ ጊዜም ደገመችው። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ዶን ኤሊዬሰር ሳይሆን ወደ ዩራኒ አዞረችው።

ሃያ ሦስት ደቂቃ፣ ዜሮ ሰከንድ፣ አራት አሥረኛ።

«በአራት አሥረኛ ነው» አለች ዩራኒ። «በአራት አሥረኛ።» ተነስታ ከመኪናው ወረደችና ቁጥቋጦው ሥር አስመለሳት። ሳውል ሊይዛት ሲሄድ እጁን ገፋችው። አፏን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጋ ከመኪናው ኋላ ዞረች፤ ጄኔሬተሩን ራሷ ገመዱን ስባ አስነሳችው። በሦስተኛው ነው የተነሳላት። አምፖሉ በራ።

ዶን ኤሊዬሰር አዲሱን ወረቀት ሲፈርሙ ለአምስት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ማይኩን ያዝኩ።  «ውጤቱ ተስተካክሏል» ብዬ ጀመርኩ። ሰዉ ጮኸ፣ ሰደበኝ፣ አንዱ የድንች ልጣጭ ወረወረብኝ። የዴይሲን ስም ግን በዚህኛው ጊዜ ሳልንተባተብ ጠራሁት።

ዴይሲ ብስክሌቷን በላስቲክ ጠቅልላ ጨርሳለች። ጣቷን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኔን ነው?» ብላ የአጓፓኔላዋን ሴትዮ ጠየቀቻት። እየቀለዱባት መስሏት ነበር። ዶን ኤሊዬሰር እጇን ይዘው ሲያመጧት ኑቢያ አስቁማ፣ «ይቅርታ፣ ልጄ፤ ስህተቱ የእኔ ነው» አለቻት። ልጅቷ ምን ስህተት እንደሆነ እንኳ አላወቀችም። የጠየቀችው አውቶቡሱ ይጠብቃት እንደሆነ ነው።

የዳኛው ጂፕ ከሄደ በኋላ ወደ ከተማ የምንመለስበት የሳውል መኪና ብቻ ነበር። ኑቢያ የረጠበውን ኮምፒውተር ጭኗ ላይ አድርጋ ጋቢና ውስጥ ገባች፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ሳውል መሪውን ይዞ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ። እኔ መሃላቸው ነበርኩ፤ መጥፎ ቦታ ነው።  በኋላ ዩራኒ ከኋላ ጣሪያውን ደበደበች።

«አባዬ! በረደኝ እኮ!»

አስነሳው። 

ኑቢያ በማግስቱ ማሽኑን አፍርሳ እንደገና ሠራችው፤ የጋራውን ፕሮሰሰር ሰጠችው፣ ሰዓቱንም ካረፈበት ኮምፒውተር እንዲጠይቅ አደረገችው፤ ተራራው ጫፍ ላይም አንድ ቀይ ሳጥን ጨመረች። ዴይሲ ቡድኑ ውስጥ ገባች። ዩራኒ አልተጽናናችም፤ ሁለት ወር ብስክሌት አልነካችም፣ ክርስትና እናቷን መንገድ ላይ ስታያት ወደ ማዶ ትሻገር ነበር። ሳውል ለፋሲካ ኑቢያን አልጠራትም። ጎረቤቶች ነገሩን ለማብረድ ሞከሩ፣ አልሆነም።

በሰኔ ግን የሳውል ስልክ ተበላሸና ሊያሠራው ኑቢያ ዘንድ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ለማክሰኞ ይደርሳል?» አላት።

«ለሰኞ ይደርሳል» አለችው።

«ሰኞ እንግዲህ» አለና ወጣ።